ገመዱ እስኪደርስ፦ የፖሊሺኔል ኩልዋር አደጋ

ሰኞ፣ መጋቢት 25 ቀን 1998 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኤፕሪል 3 ቀን 2006) አራት የበረዶ ሸርተቴ (ስኪ) ተጫዋቾች በፈረንሳይ አልፕስ፣ ላ ግራቭ በሚባል ቦታ ፖሊሺኔል የተሰኘውን ኩልዋር፣ ማለትም በአለት መካከል ያለ ጠባብ የበረዶ ፈፋ፣ እየወረዱ ነበር። ሁለቱ ቀድመዋል፤ ሁለቱ ከላይ ቀርተዋል። ከቀደሙት አንዱ፣ የ31 ዓመቱ ቻድ ቫንደርሃም፣ ተንሸራቶ ከገደል ወደቀ። አጠገቡ የነበረው የ48 ዓመቱ ዳግ ኩምስ ወደ ላይ ተጣርቶ ገመድ እንዲወርድለት ጠየቀ። ገመዱ ግን ከላይ ካሉት ዘንድ ነበር። እስኪደርስ ድረስ ኩምስ ጓደኛው የት እንዳረፈ ለማየት፣ ስኪውን እንዳጠለቀ፣ ድንጋይ በበዛበት አፋፍ ላይ ጎን ለጎን እየረገጠ ተጠጋ። ገመዱን ይዞ የወረደው ሰው ከማዕዘኑ ብቅ ሲል ኩምስን ጫፉ ላይ አየው። ኩምስ አዳለጠው፤ ድንጋይ ሊጨብጥ ሞከረ፤ አልያዘለትም። ገደሉ 150 ሜትር ያህል ነው። ሁለቱም ሞቱ።

ኩምስ ማን እንደነበር ካልታወቀ ጉዳዩ በቀላሉ «ልምድ ማነስ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እ.ኤ.አ. በ1991 አላስካ፣ ቫልዲዝ ላይ የመጀመሪያው የዓለም የኤክስትሪም (በአደገኛ ገደላማ ቁልቁለት የሚወረድ) ስኪ ውድድር ሲካሄድ ያሸነፈው እሱ ነው፤ በ1993 ደገመው። ከባለቤቱ ጋር ሆኖ እዚያው ቫልዲዝ በሄሊኮፕተር ስኪ የሚያወጣ ድርጅት መሠረተ። በኋላም ሰው ቁልቁል እንዲወርድ ማስተማር እንጀራው ሆነ፤ ላ ግራቭም ቤቱ ነበር። ቫንደርሃምም የቅርብ ጓደኛውና ከእሱ የተማረ ብርቱ ስኪኛ ነበር። ስለዚህ የችሎታን ጥያቄ ወደ ጎን እንተወው።

የመጀመሪያው ውድቀት በዚህ ስፖርት ውስጥ ሁልጊዜም ሊደርስ የሚችል ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ያዳልጠዋል፤ ከሥሩ ገደል ካለ አለቀ። እዚህ በዝርዝር የምናየው ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም ሁለተኛው የደረሰው በበረዶው ምክንያት ብቻ ሳይሆን በመጣራቱና በገመዱ መድረስ መካከል በነበረው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ደግሞ ቀድሞ ሊዘጋ የሚችል ነው።

ቦታው

ላ ግራቭ በሮማንሽ ሸለቆ፣ 1,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ከመንደሯ የሚነሳው የኬብል መኪና እስከ 3,200 ሜትር ያወጣል። ከፊቷ የቆመው ላ ሜዥ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ ሲሆን ስኪ የሚወረደው በሰሜን ፊቱ ነው። በሌሎች የስኪ ማዕከሎች እንደሚደረገው ሌሊቱን በማሽን ተጠቅጥቆ የሚያድር ሰፊ መንገድ፣ ገደል ጫፍ ላይ የተዘረጋ መረብ፣ «ከዚህ አትለፍ» የሚል ሰሌዳ እዚህ ሰው አይጠብቅም። የቦታው ስምም የገነነው በዚሁ ነው።

ኬብሉ ግን አንድ ነገር ይወስዳል። በእግሩ ወጥቶ በወጣበት የሚወርድ ሰው ኩልዋሩን በየእርምጃው ያውቀዋል፦ የት እንደደነደነ፣ የት ድንጋይ ብቅ እንዳለ፣ የት ጫማው ጥርስ እምቢ እንዳለው። ከላይ የሚገባ ሰው ይህን ሁሉ የሚማረው እየወረደ ነው። አምና ወይም ከሳምንት በፊት ወርዶበት ከሆነ ደግሞ የሚያስታውሰው የዚያን ቀን በረዶ ነው። በወቅቱ መጨረሻ አንድ ሳምንት ብዙ ነው።

ኩልዋር ማለት በሁለት የአለት ግድግዳ መካከል ቁልቁል የሚወርድ፣ በረዶ የሞላው ጠባብ ፈፋ ነው። ስኪኛ የሚፈልጋቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ያዘነብላሉ። ብዙዎቹ እስከ ሥር አይደርሱም፤ መሃል ላይ ገደል ይቆርጣቸዋል፤ መውጫው ወይ በጎን ነው ወይ በገመድ።

የወቅቱ መጨረሻ በረዶ

በጸደይ በረዶ ቀን ይሟሟል፣ ሌሊት ይረጋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ያደረ እንደሆነ የበረዶው ገጽ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ጠዋት እንደ አለት ደንድኖ ይገኛል። ፀሐይ ስታገኘው ላይ ላዩ ለስለስ ብሎ እንደ ቅንጬ ይሆናል፤ ስኪኛ የሚመኘው ይህችን ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ሲቆይ እንደ አጥሚት ይቀጥንና እርጥብ ናዳ ይጀምራል። ደመናማ ሌሊት ከሆነ ግን ጨርሶ ላይረጋ ይችላል።

ይህ ስሌት ለክፍት ቁልቁለት ጥሩ ነው። ወደ ሰሜን ባየ ጠባብ ኩልዋር ውስጥ ግን ፀሐይ ግድግዳው በከፈተላት ቀዳዳ ትገባለች፤ አንዱን ጎን ለአንድ ሰዓት ትነካና ትሄዳለች። ስለዚህ በአንድ ኩልዋር፣ በአንድ ሰዓት፣ ሦስቱንም ዓይነት በረዶ ማግኘት ይቻላል። ከላይ ለስላሳ የነበረው ከማዕዘኑ ወዲያ መስተዋት ሊሆን ይችላል፤ ሰው ደግሞ ማዕዘኑን የሚዞረው ከላይ ባገኘው እምነት ነው።

የባሰው ቦታ አፋፉ ነው። ገደል የሚጀምርበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ጎበጥ ይላል፤ ንፋስ እዚያ በረዶውን ይጠርገዋል፣ ከሥሩ ያለው አለት ቅርብ ነው። ጥቁር ድንጋይ ፀሐይ ስለሚጠጣ ዙሪያውን ያለውን በረዶ ያቀልጣል። ውሃው ወደ ታች ይንጠባጠብና ማታ ግልጥ ያለ ብርጭቆ መሳይ በረዶ ይሆናል። በማግስቱ ሁለት ሦስት ሣንቲ ሜትር ትኩስ በረዶ ከላዩ ከለበሰ ማንም አያየውም። እዚህ ላይ 180 ሣንቲ ሜትር ስኪ ያጠለቀ ሰው ጎን ለጎን ሲረግጥ የስኪው ፊትና ኋላ ድንጋይ ላይ ያርፋል፣ ከጫማው ሥር ያለው መካከል አየር ላይ ይቀራል። የስኪ ብረት ጠርዝ በረዶ ይነክሳል፤ ድንጋይ ላይ ግን ያፏጫል እንጂ አይነክስም። ጎን ለጎን መርገጥ ስኪኛ ያለ ሐሳብ የሚያደርገው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደው እርምጃ ስለሆነ አደገኛነቱ አይታወቀውም።

አንድ ሰከንድ

ቁጥሩን ማየት ይጠቅማል። 45 ዲግሪ ባዘነበለ፣ በደነደነ በረዶ ላይ ናይሎን ልብስ ለብሶ የወደቀ ሰው የሚያገኘው ሰበቃ በጣም ትንሽ ነው። ሰበቃውን 0.1 ብለን ብናሰላ በመጀመሪያው ሰከንድ 3 ሜትር ይንሸራተታል፤ ፍጥነቱ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በሁለተኛው ሰከንድ መጨረሻ 12 ሜትር ተኩል ሄዷል፤ ፍጥነቱ 45 ነው። በሦስተኛው 28 ሜትርና 67 ኪሎ ሜትር በሰዓት።

በበረዶ መጥረቢያ ወይም ጫፉ ሹል በሆነ ዘንግ ራስን ማስቆም የሚቻለው፣ ከተቻለ፣ በመጀመሪያው ሰከንድ ውስጥ ነው፦ በሆድ መገልበጥ፣ ሹሉን ከትከሻ በታች አስገብቶ ክብደትን ሁሉ መጫን። ከዚያ በኋላ ብረቱ ሲነክስ ክንድ ይነቅላል እንጂ ሰው አያቆምም። አሁን ይህን ወደ አፋፉ እናምጣው። ከጫፉ 3 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ያለው ጊዜ በትክክል አንድ ሰከንድ ነው። ከጫፉ አንድ ሜትር ላይ ያለ ሰው ጊዜ የለውም። ባዶ እጅ በጓንት ድንጋይ መጨበጥ ደግሞ ከመጥረቢያ እጅግ ያነሰ ነው።

የተሳሳተው ችኮላ

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ለምን ይጠጋል? ጓደኛው ስለሆነ፣ ይህ ግልጽ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ከሥልጠና የሚመጣ ነው። ከተጠረገ መንገድ ውጭ ስኪ የሚወርድ ሰው ሁሉ ተደጋግሞ የሚሠለጥነው ለበረዶ ናዳ ነው። በናዳ የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች ካልተቆፈረ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ይወርዳል፤ የሚያድነውም አጠገቡ ያለ ጓደኛ እንጂ ሄሊኮፕተር አይደለም። ስለዚህ ሰውነት «ሩጥ፣ ድረስ» የሚለውን ይለምዳል።

ከገደል መውደቅ ሌላ ጉዳይ ነው። 150 ሜትር ወደ ወደቀ ሰው ማንም ጓደኛ በ10 ደቂቃ አይደርስም፤ ገመድ ቢኖረውም አይደርስም። የሚደርሰው ሄሊኮፕተር ነው። አፋፉ ላይ ሄዶ ማየት የሚሰጠው ነገር መረጃ ብቻ ነው፤ ያውም ከሌላ ቦታ ሊገኝ የሚችል መረጃ። ከላይ ያሉት ከግድግዳው ወጣ ካለ ቦታ ሊያዩ ይችላሉ። ከታች ሰው ካለ በሬዲዮ ወይም በስልክ ይጠየቃል። የናዳ መፈለጊያ መሣሪያም ከ40 እስከ 50 ሜትር ድረስ ምልክት ስለሚይዝ ከገደሉ ጫፍ ሳይደረስ አቅጣጫ ሊጠቁም ይችላል፤ ገደሉ ከዚያ የረዘመ ከሆነ ግን ዝም ይላል።

አፋፍ እንዴት ይቀረባል

መጀመሪያ መቆም። የቀረው ሰው ከወደቀው መስመር ወጥቶ ወደ አለቱ ግድግዳ ይጠጋል፤ ከላይ ያሉትም ባሉበት እንዲቆሙ ይነገራቸዋል። ከላይ የሚንቀሳቀስ ሰው በረዶና ድንጋይ ያወርዳል፤ ራሱም ቢወድቅ የቆመውን ጠራርጎ ነው የሚሄደው። ከዚያ መቆሚያ መሥራት፦ በስኪው ጠርዝ መፋቅ፣ ቀጥሎ በአካፋ ሁለት እግር ተዘርግቶ የሚያርፍበት ደረጃ መቁረጥ። መጥረቢያውን እስከ አንገቱ መትከልና 120 ሣንቲ ሜትር በሆነ ማሰሪያ ራስን ከእሱ ጋር ማያያዝ። ይህ የሁለት የሦስት ደቂቃ ሥራ ነው። በደነደነ በረዶ ላይ ይህ ደረጃ ሳይኖር ስኪ ማውለቅ ራሱን የቻለ የአደጋ ምክንያት ነው፤ የወለቀው ስኪ አምልጦ ሲሄድ ሊይዘው የሚንጠራራውን ሰው ይዞ ይሄዳል።

ቀጥሎ ስልክ። በአውሮፓ ቁጥሩ 112 ነው። የሚነገረው፦ በስልኩ ላይ የሚታየው የጂፒኤስ ነጥብ፣ ስንት ሰው ወደቀ፣ ስንት ሰው የት ቆሞ አለ፣ የንፋሱ ሁኔታ፣ በአካባቢው የተዘረጋ የኬብል ሽቦ መኖር አለመኖሩ። ላ ግራቭን በመሰለ ቦታ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ዋዛ አይደለም። ሄሊኮፕተሩ ሲመጣ ሁለት እጅን ወደ ላይ ከፍቶ መቆም «እርዳታ እንፈልጋለን» ማለት ነው፤ አንዱ እጅ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ከሆነ «አንፈልግም»።

ገመዱን የሚያመጣው ሰው እየተጠማዘዘ ሳይሆን በጎን ቀስ ብሎ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ሁለት ስኪ እኩል፣ ፊት ወደ ጎን። መቆሚያው ዘንድ ሲደርስ መልሕቅ፣ ማለትም ገመዱ የሚታሰርበት ጽኑ ነጥብ፣ ይሠራል። ኩልዋር ውስጥ የተሻለው መልሕቅ ግድግዳው ነው፦ ስንጥቅ ውስጥ የሚገባ ሽብልቅ ወይም ሚስማር፣ ቢያንስ ሁለት፣ በአንድ ረጅም ማሰሪያ ተገናኝተው ጭነቱን እንዲካፈሉ። አለቱ የሚሰነጠቅና የሚፈረካከስ ከሆነ በረዶ ውስጥ መቅበር ይቀራል። ከቁልቁለቱ አግድም፣ ስኪው የሚገባበት ርዝመት ያለው፣ ግማሽ ሜትር ያህል የጠለቀ ቦይ ይቆፈራል። ስኪዎቹ ተደራርበው ይገባሉ። ማሰሪያው መካከላቸው ላይ ይታሰርና በቀጭን ስንጥቅ ወደ ታች ይወጣል። ስንጥቁ ጥልቀት ከሌለው ማሰሪያው ስኪውን ወደ ላይ ይመዝዘዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የስኪው ብረት ጠርዝ ማሰሪያውን እንዳይቆርጠው ጓንት ወይም የተጣጠፈ ልብስ በመካከላቸው ይገባል። ለለመደ ሰው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ረጅም ይመስላል፤ ሄሊኮፕተሩ ግን በዚህ መሃል ገና እየተነሣ ነው።

ወደ አፋፉ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስኪው ወልቋል፣ ባለጥርሱ ክራምፖን ጫማው ላይ ታስሯል፣ መጥረቢያ በእጁ ነው። ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ይወርዳል፤ ከወደቀው ሰው መስመር ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ጎን ብሎ፣ የሚነቅለው ድንጋይ ከታች ያለውን እንዳይመታ። ገመዱን የሚለቅለት ሰው በሚቆለፍ ካራቢነር (የብረት ማያያዣ ቀለበት) ላይ ሙንተር የሚባለውን ቋጠሮ ይጠቀማል፤ ገመዱ ቀጭን ከሆነ አንድ ካራቢነር አይበቃም፣ በእጅ ውስጥ ይሾልካል፣ ሰበቃ ይጨመራል። ለስኪ የሚያዘው 6 ሚሊ ሜትር ገመድ አይለጠጥም። ስለዚህ ላላ ብሎ አንድ ሜትር ወድቆ ቢያዝ እንኳ ምቱ በሙሉ መልሕቁ ላይ ነው የሚያርፈው። ገመዱ ሁልጊዜ ውጥር ማለት አለበት። ጫፉ ላይ ሹል አለት ካለ ቦርሳ ይነጠፍለታል። የገመዱ መጨረሻም ይቋጠራል።

ከዚያ ይታያል። ማየቱ ራሱ ውሳኔ አይደለም። 30 ሜትር ገመድ ተመልሶ እንዲሳብ ሆኖ ሲታጠፍ 15 ሜትር ነው የሚያወርደው፤ ገደሉ 150 ሜትር ከሆነ ሥራው ያየውን ለአዳኞች ተናግሮ ወደ መቆሚያው መመለስ ነው።

ገመዱ በማን ቦርሳ?

በፖሊሺኔል ገመድ ነበር። ያልነበረው በተፈለገበት ቦታ ነው። እዚህ ላይ ባለሙያዎች ዘንድ ሁለት አስተያየት አለ፤ ሁለቱም ምክንያት አላቸው። አንደኛው ገመዱ ከኋላ፣ የመጨረሻው ሰው ዘንድ ይሁን ይላል፤ ወደ ታች ማድረስ ይቻላል፣ ወደ ላይ ግን ማንም አያደርሰውም፣ ከፊት ያለው ከነገመዱ ቢወድቅም የቀሩት ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ሌላው ከፊት ይሁን ይላል፤ ገደሉን፣ መስተዋቱን በረዶ፣ የተቋረጠውን መንገድ መጀመሪያ የሚያገኘው የፊተኛው ነውና። በአንድ ገመድ ይህ ክርክር መልስ የለውም፤ የትም ቢቀመጥ በሌላው በኩል ክፍተት ይተዋል።

በሁለት ገመድ ግን መልስ አለው። 30 ሜትር የሆነ 8 ሚሊ ሜትር ገመድ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ያልፋል፤ በ6 ሚሊ ሜትር ከ700 ግራም አይበልጥም። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ሁለቱ ሲቀጠሉ ተመልሶ የሚሳብ የ30 ሜትር መውረጃ ይሆናሉ። ለአራት ሰው ቡድን ከዚህ በተጨማሪ በየፊትና በየኋላው ሦስት አራት ሽብልቅ፣ ሁለት ሚስማር፣ አንድ የበረዶ ብሎን፣ ሁለት ረጅም ማሰሪያ፣ አራት ካራቢነር ይበቃል። ገመዱ የሚያያዝበት የወገብና የጭን መታጠቂያ የእያንዳንዱ ሰው ነው፤ የሚታጠቀውም ከላይ፣ ኩልዋሩ ከመጀመሩ በፊት፣ ሜዳ ላይ ነው። ክራምፖንም እንዲሁ በቀላሉ በሚወጣበት ቦታ ይቀመጣል። 45 ዲግሪ ላይ ቆሞ፣ ጓደኛው ከወደቀ በኋላ፣ በሁለት እግሩ መታጠቂያ ለማጥለቅ የሚሞክር ሰው ሁለተኛው ተጎጂ ለመሆን ተሰልፏል።

የፊተኛው ሰው መቆሚያም አስቀድሞ ይነገራል። «ከማዕዘኑ በፊት፣ በግራ ግድግዳ ሥር» ተብሎ እንጂ «ከታች እንገናኝ» ተብሎ አይደለም። ማዕዘን ማለት ድምፅም ዓይንም የሚቋረጥበት ቦታ ነው፤ ቡድኑ ለሁለት የሚከፈለው እዚያ ነው። አንድ ሰው ሲወርድ ሌሎቹ ይቆማሉ፤ ከገደል በላይ ባለው ክፍል ሁለት ሰው በአንድ መስመር ላይ አይገኝም። ከመግባቱ በፊት ደግሞ የስኪ ዘንግ ጫፍ በረዶው ላይ ይጫናል። ከአንድ ሁለት ሣንቲ ሜትር በላይ የማይገባ ከሆነ፣ ፀሐይ እስክታለሰልሰው ይጠበቃል፤ ፀሐይ የማትደርስበት ከሆነ ሌላ መንገድ ይመረጣል። ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሰምጥ ከሆነ ሰዓቱ አልፏል።

ስለ ገመዱ አያያዝ አንድ ትንሽ ነገር፦ ተጠቅልሎ ከምሳውና ከሙቅ ልብሱ ሥር የተቀመጠ ገመድ ሲፈለግ ቦርሳው ሁሉ ቁልቁለት ላይ ይዘረገፋል፤ ጓንት ይሄዳል፣ ስልክ ይሄዳል። ገመዱ ሳይጠቀለል፣ ከአንድ ጫፉ እየተመገበ በትንሽ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ እንዲህ ሲሆን ሳይወሳሰብ ይወጣል። ከረጢቱ ከቦርሳው ውስጥ ከሁሉ በላይ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ጫፍ ስምንት ቁጥር መስሎ ተቋጥሮ፣ ካራቢነር ተንጠልጥሎበት፣ ከቦርሳው አፍ ወጣ ብሎ ይታሰራል። ጓንት ያጠለቀ እጅ ዚፑን ሳይከፍት ያገኘዋል።